ፉሮፉኪ ዳይኮን፦ የጃፓን የብርድ ወራት የአትክልት ማባያ አሠራር

ፉሮፉኪ ዳይኮን፣ ዳይኮን የተባለው ረጅም ነጭ ራዲሽ በወፍራሙ ተቆርጦ በባሕር አረም መረቅ ውስጥ በለዘብተኛ እሳት እስኪለሰልስ ድረስ ተቀቅሎ፣ ከላይ ጥቂት ጣፋጭ የሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ሶስ ተደርጎበት፣ እንፋሎቱ እየወጣ ከሩዝ ጋር የሚቀርብ የጃፓኖች ማባያ ነው። የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሥራውም ጉልበት አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ሽንኩርት አይቁላላበትም፣ በርበሬ አይገባበትም፣ ዘይትም አይነካውም፤ ስለዚህ በአትክልቱ ላይ የተሠራውን ስህተት የሚሸሽግ ቁሌት የለውም። ራዲሹ በሚገባ ካልተላጠ ጭረቱ በጥርስ መካከል ይቀራል፤ አስቀድሞ ካልተቀቀለ ይመራል፤ እሳቱ ከበረታበት ደግሞ ይፈረካከሳል። ይህ መመሪያ ከቅመማው ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ረዘም ብሎ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

በስሙ ውስጥ «ፉሮ» የእንፋሎት መታጠቢያን፣ «ፉኪ» ደግሞ እፍ ማለትን ያመለክታል። ስለ አመጣጡ ከአንድ በላይ ትረካ አለ፤ በብዛት የሚነገረው ግን በድሮ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቶች ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች በታጣቢው ገላ ላይ እፍ እያሉ እድፉን ያሹ ነበር፣ ትኩሱን ራዲሽ እፍ እያሉ መብላትም ይህንኑ ያስታውሳል የሚለው ነው። እውነቱ የትኛውም ቢሆን፣ ምግቡ ትኩሱን ካልተበላ ስሙ ትርጉም ያጣል።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር መነገር አለበት። በአማርኛ «ክረምት» ስንል ዝናቡን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ነው የምናስበው፤ የጃፓኖቹ የብርድ ወራት ግን በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ማለትም እኛ በጋ ብለን በምንጠራው ጊዜ ላይ ይውላል። ዳይኮን በዚያ ብርድ ውስጥ ስኳር ያጠራቅማል፤ በበጋቸው የሚበቅለው ደግሞ ይበልጥ ይለበልባል። የኪዮቶ ከተማ ቤተ መቅደሶች ራዲሽ በትልልቅ ድስት ቀቅለው ለሕዝብ የሚያቀርቡትም በዚሁ ወቅት ነው፤ ሴንቦን ሻካዶ በሚል ስም በሚታወቀው በዳይሆኦንጂ በዲሴምበር 7 እና 8፣ በሪዮቶኩጂ ደግሞ በ9 እና በ10 ይዘጋጃል። የሪዮቶኩጂው ልማድ መነሻ ሺንራን የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1252 ወደ መንደሩ በመጣ ጊዜ ነዋሪዎቹ በጨው የተቀቀለ ራዲሽ አቅርበውለታል የሚለው ታሪክ ነው። በእነዚህ በዓላት የሚቀርበው ቅመማው ከፉሮፉኪ ይለያል፤ አትክልቱና ትዕግሥቱ ግን አንድ ናቸው።

አስፈላጊ ነገሮች

ለአራት ሰው የሚበቃው ከዳይኮኑ መካከለኛ ክፍል ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ነው፤ ክብደቱ ከ500 እስከ 600 ግራም ይደርሳል። ለመረቁ አንድ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ያህል ኮምቡ የተባለ የደረቀ የባሕር አረም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ መልኩ የፈዘዘ የአኩሪ አተር ሶስ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ቅቅል ሩዝ የታጠበበት እጣቢ፣ ይህ ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝ ያዘጋጁ። ለላይኛው ሶስ 80 ግራም ነጭ ሚሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሚሪን (ለማብሰያ የሚሆን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ)፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳኬ (የጃፓን የሩዝ መጠጥ)ና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይበቃሉ። ለማሳመሪያ ዩዙ የተባለው ሎሚ መሰል የጃፓን ፍሬ ልጣጭ ይሆናል፤ ዩዙ ካልተገኘ ቢጫው የሎሚ ልጣጭ ይተካዋል። መዓዛው አንድ ነው ባይባልም ለምግቡ የሚፈለገውን ንቃት ይሰጣል።

ዳይኮን ከጃፓን ውጭ በሌላ ስምና በሌላ ቅርጽ ሊገኝ ይችላል። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ፣ ለምሳሌ ብዙ የኮሪያ መደብሮች ባሉበት በሰሜን ቨርጂኒያው አናንዴል አካባቢ ያለ ሰው፣ አጠር ወፈር ያለውንና ትከሻው አረንጓዴ የሆነውን የኮሪያ ራዲሽ በቀላሉ ያገኛል፤ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀላል እንጂ ለዚህ ምግብ በጣም ተስማሚ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ የሕንድና የፓኪስታን መደብሮች «ሙሊ» የሚባለው ረጅም ነጭ ራዲሽ ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለና የሚለበልብ በመሆኑ የመጀመሪያው ቅቅል ሊዘለል አይገባውም። ትንንሾቹ ቀይ ራዲሾች ግን ለዚህ አይሆኑም።

ዳይኮኑን ሲመርጡ በእጅዎ ይመዝኑት፤ ከመጠኑ በላይ የሚከብደው ውኃ የሞላው ነው። ቆዳው የተወጠረና የሚያንጸባርቅ፣ የቀጫጭን ሥሮቹ ጠባሳዎች በመስመር የተደረደሩ ቢሆኑ ይመረጣል። ቅጠሉ ካልተለየ የቅጠሉን ዘንግ ቆርጠው ይመልከቱ፤ ዘንጉ ውስጡ ባዶ ከሆነ ሥሩም በመካከሉ እንደ ስፖንጅ ወና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እንዲህ ያለውን ራዲሽ ምንም ያህል ቢቀቅሉት አይጣፍጥም። ቤት እንደደረሰ ቅጠሉን ወዲያው ይቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ከሥሩ ውኃ እየሳበ ያደርቀዋል። ቅጠሉን አይጣሉት፤ ጥቅሙ ከታች ተጽፏል።

ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ ዳይኮን የለም። በቅጠሉ በኩል ያለው ክፍል ጣፋጭና ውኃማ ስለሆነ ለሰላጣ ይሆናል፤ ጫፉ ጭረት የበዛበትና የሚለበልብ ስለሆነ ተፈቅፍቆ ለማጣፈጫ ይውላል ወይም በጨው ይዘፈዘፋል፤ ለቅቅል የሚሆነው ውፍረቱ ወጥ የሆነው መካከለኛው ክፍል ነው። ዳይኮን የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ሰናፍጭ ደቆ ውኃ ሲነካው አፍንጫ የሚሰነፍጠው በምን ምክንያት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው የራዲሹም ነገር አያስቸግረውም፤ ሁለቱም የሚለበልበውን ንጥረ ነገር የሚያወጡት ሥጋቸው ሲደቅ ወይም ሲፈቀፈቅ ነው፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ያ ኃይል ይጠፋል። ለዚህም ነው በጥሬው ዓይን የሚያስነባ ራዲሽ ከተቀቀለ በኋላ እንደ ዱባ የሚለዝበው።

መረቁን አስቀድሞ መዘፍዘፍ

ኮምቡ በሰሜን ጃፓን ባሕር፣ በተለይም በሆካይዶ ዳርቻ የሚበቅል ሰፊ ቅጠል ያለው የባሕር አረም ሲሆን ደርቆ እንደ ቆዳ ጠንክሮ ይሸጣል። በላዩ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይደለም፤ ከራሱ ከአረሙ የወጣና ጣዕም የሚሰጥ ነገር በመሆኑ በውኃ መታጠብ የለበትም። እርጥብ ጨርቅ ይዘው አሸዋ ካለበት ብቻ በቀስታ ይጥረጉት። ከዚያም በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዝፉት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን በፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሥራውን ማታ ከጀመሩ በማግስቱ የሚቀረው ቀላል ነው።

ይህ አረም ለጃፓን ምግብ ያለውን ቦታ ለመረዳት የኬሚስቱን የኢኬዳ ኪኩናዬን ሥራ ማስታወስ ይጠቅማል። ኢኬዳ በቶኪዮ የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1908 ከኮምቡ መረቅ ውስጥ ግሉታሚክ አሲድን ለይተው በማውጣት፣ ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከጨዋማና ከመራራ የተለየውን ያንን ጣዕም «ኡማሚ» ብለው ሰየሙት። ሥጋም ሆነ ቅቤ የሌለበት ቅቅል አፍ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጾም የሚያበስሉ አንባቢዎች እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በኮምቡ ብቻ የተሠራው ፉሮፉኪ ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የለበትም፤ የጃፓን ቤተ መቅደሶች ሥጋና ዓሣ የማይገባበትን ምግባቸውን የሚያበስሉትም በእንዲህ ያለ መረቅ ነው። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም ዳይኮን ከሚጣፍጥበት ወቅት ጋር መገጣጠሙም ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ነገር ግን በየመደብሩ «ዳሺ» ተብሎ በዱቄት መልክ የሚሸጠው መረቅ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው፤ ሬስቶራንት ውስጥ የሚቀርበውም እንዲሁ። ኮምቡ ካልተገኘ የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ በቀዝቃዛ ውኃ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውኃውን መጠቀም ይቻላል፤ መልኩ ጠቆር ይላል፤ ጣዕሙም የጫካ ነው፤ ምግቡን ግን አያበላሸውም። በተጨማሪም ኮምቡ በአዮዲን እጅግ የበለጸገ ስለሆነ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለበት ሰው አዘውትሮ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይበጀዋል።

አላላጥና አቆራረጥ

ዳይኮኑን በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ወደ አራት ክብ ቁራጮች ይቁረጡት። ከዚህ የቀጠነ ቁራጭ መረቁን ከመጠጣቱ በፊት ይፈርሳል፤ ከዚህ የወፈረው ደግሞ መካከሉ ሳይበስል ዳሩ ይለቃል።

አሁን የቁራጩን ፊት ወደ ብርሃን አዙረው በጥንቃቄ ይዩት። ከቆዳው ወደ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ ስስ መስመር ይታያል። ከዚያ መስመር ውጭ ያለው ክፍል ጭረት ነው፤ ምንም ያህል ቢቀቀል አይለሰልስም። ስለዚህ ድንች እንደሚላጥ ስስ አድርጎ መላጥ እዚህ አይሠራም፤ ቢላዋው መስመሩን አልፎ፣ እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ውፍረት መላጥ አለበት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ይህን ያህል አትክልት መጣል አሳዝኖኝ በድንች መላጫ ላጥሁት፤ ከሁለት ሰዓት ቅቅል በኋላም ውስጡ እንደ ቅቤ ሆኖ ዳር ዳሩ ግን እንደ ቃጫ በአፌ ቀረ። ልጣጩ ለሌላ ምግብ ስለሚውል የሚባክን ነገር የለም።

ቀጥሎ የክቡን የላይና የታች ጠርዞች በቢላዋ በስሱ ይገርቧቸው፤ ሹሉ ጠርዝ እንዲደበዝዝ ያህል ብቻ። ጃፓኖች «ሜንቶሪ» የሚሉት ይህ ሥራ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ሊመስል ይችላል፤ ዋና ጥቅሙ ግን ቁራጮቹ በድስት ውስጥ እርስ በርስ ሲነካኩ ሹል ጠርዛቸው ተሸራርፎ መረቁን እንዳያደፈርሰው ነው። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ቁራጭ አንደኛው ፊት ላይ፣ እስከ ውፍረቱ ሲሶ ድረስ የሚገባ የመስቀል ቅርጽ ቆርጠው ያስገቡበት። ሲቀርብ ይህ ፊት ወደ ታች ስለሚሆን አይታይም፤ ስሙም «የተደበቀ ቢላዋ» እንደ ማለት ነው። ሙቀቱ ወደ መካከሉ የሚገባው በዚህ በኩል ሲሆን፣ ተመጋቢው በመመገቢያ እንጨቱ በቀላሉ እንዲከፍለውም ይረዳል።

የመጀመሪያው ቅቅል በሩዝ እጣቢ

ብዙ ሰው ሊዘልለው የሚፈልገው ደረጃ ይህ ነው፤ መዘለል ግን የለበትም። ቁራጮቹን በድስት ውስጥ ሳይደራረቡ ደርድረው፣ ሩዝ ሲታጠብ የወጣውን ነጭ እጣቢ እስኪሸፍናቸው ድረስ ይጨምሩበት። እጣቢ ከሌለ ንጹሕ ውኃ አድርገው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሩዝ በስስ ጨርቅ ቋጥረው ያስገቡ። ከቀዝቃዛ ውኃ መጀመር ያስፈልጋል፤ በሚፈላ ውኃ ውስጥ የተጨመረ ራዲሽ ላዩ ይቀድምና ውስጡ ይዘገያል። የሩዙ ስታርች የራዲሹን ምሬትና ጠረን ይዞ ያስቀራል፤ መልኩም ነጭ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ላመነታ ሰው አንዱን ቁራጭ በእጣቢ፣ ሌላውን በተራ ውኃ ቀቅሎ ማወዳደር ይቻላል፤ ልዩነቱ በምላስ ይታወቃል።

ውኃው ሲፈላ እሳቱን ያብርዱና ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቆዩት። የእንጨት ስንጥር ወደ መካከሉ ሲወጉበት ትንሽ እየተከላከለ የሚገባ ከሆነ ደርሷል። ያውጡትና በለብ ባለ ውኃ የተጣበቀበትን ስታርች በቀስታ ያጥቡት። ትኩሱን አትክልት ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማድረግ ሊሰነጥቀው ይችላል።

በመረቅ መቀቀል

የተዘፈዘፈውን ኮምቡ በሰፊ ድስት ግርጌ ያንጥፉት፤ ራዲሾቹን የመስቀል ቅርጽ ያለበትን ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው በላዩ ይደርድሩና የመዘፍዘፊያውን ውኃ በሙሉ ይጨምሩ። በሌሎች የጃፓን መረቆች ኮምቡ ውኃው ከመፍላቱ በፊት ይወጣል፤ ምክንያቱም በኃይል ሲፈላ ልጋግ ይለቅቅና የባሕሩ ጠረን ይበረታል። በፉሮፉኪ ግን እሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝቅተኛ ስለሆነ ከሥር እንዲቆይ ይተዋል፤ ራዲሹ የድስቱን ግርጌ እንዳይነካም እንደ ምንጣፍ ያገለግላል። ይህ የሚሆነው ግን እሳቱን መቆጣጠር ከተቻለ ነው። ምድጃዎ ዝቅ የማይልልዎ ከሆነ አረሙን ቀድመው ቢያወጡት ይሻላል።

እሳቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በቁጥር ከመናገር በዓይን መግለጽ ይቀላል፤ የውኃው ፊት ይንቀጠቀጥ፣ ከዳር በኩል አልፎ አልፎ አንዲት አረፋ ብቅ ትበል፣ ነገር ግን ራዲሾቹ ከቦታቸው አይነቃነቁ። ሲንፈቀፈቅ ከሰሙ በርትቷል ማለት ነው። ከድስቱ አፍ ትንሽ የሚያንስ ክብ የመጋገሪያ ወረቀት ቆርጠው፣ መካከሉን በስተው በቀጥታ በአትክልቱ ላይ ያልብሱት። ጃፓኖች ለዚህ ከእንጨት የተሠራ «ኦቶሺቡታ» የተባለ ትንሽ ክዳን አላቸው፤ ጥቅሙ በጥቂት መረቅ ላዩም ታቹም እኩል እንዲረጥብና ቁራጮቹ እንዳይገለባበጡ ማድረግ ነው።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ጨውንና የአኩሪ አተር ሶሱን ይጨምሩ። ፈዛዛው ሶስ መልኩ ስለሚያታልል ጨው ያነሰው ይመስላል፤ እንዲያውም ከጥቁሩ ይልቅ ጨው የሚበዛው እርሱ ነው፤ የሚመረጠው ራዲሹን ስለማያጠቁረው ብቻ ነው። መረቁ በዚህ ደረጃ ሲቀመስ ጨው የጎደለው መስሎ ሊሰማ ይገባል፤ ጨዋማው ሚሶ ገና ይመጣበታልና።

ጠቅላላው ጊዜ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ይህ ልክ የተሰጠው ግን ለባሕር ጠረፍ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ምስር እዚያ ለምን እንደሚዘገዩ የሚያውቅ ሰው ለራዲሹም ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ይጨምርለታል። በፕሬዠር ኩከር ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ይበስላል እንጂ ጠርዙ ይለቅና የተደከመበት ቅርጽ ከንቱ ይሆናል። መድረሱ የሚታወቀው ስንጥሩ ያለ ምንም መከላከል ሰተት ብሎ ሲገባና የራዲሹ ነጭነት ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስል ነው።

እሳቱን ካጠፉ በኋላ ወዲያው አያቅርቡት። በመረቁ ውስጥ እንዳለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። የጃፓን ወጥ ቤቶች ጣዕም ወደ አትክልት የሚገባው ሲቀዘቅዝ ነው ይላሉ፤ በማግስቱ እንደገና ሲሞቅ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ እንደሚጣፍጥ የሠራው ሁሉ ይመሰክራል። ያደረ ወጥ ለሚወድ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የሚሶ ሶሱ

ሚሶ የተቀቀለ አኩሪ አተር ከጨውና «ኮጂ» ከሚባል ሻጋታ ከበቀለበት ሩዝ ወይም ገብስ ጋር ተቀላቅሎ በመብላላት የሚገኝ ሊጥ ነው። ኮጂ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጥ የሚሠራው ሥራ በጠላ ውስጥ ብቅል ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል። ለዚህ ምግብ የሚመረጠው የኪዮቶው ነጭ ሚሶ ኮጂው በዝቶበት ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚብላላ ስለሆነ ጣፋጭ ነው፤ ጨዉም ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ ነው። ለወራት የቆየው ቀዩ ሚሶ ግን ከ11 እስከ 13 ይደርሳል። ስለዚህ ነጩ ጠፍቶ ቀዩን ከተጠቀሙ መጠኑን ወደ 50 ግራም ይቀንሱ፣ ስኳሩን ወደ ሁለት ማንኪያ ተኩል ያሳድጉ፣ ከራዲሹ መረቅም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ። ከኦካዛኪ የሚመጣው ጥቁሩ ሃቾ ሚሶ በአኩሪ አተርና በጨው ብቻ ተሠርቶ ከሁለት ዓመት በላይ የሚቆይ በመሆኑ ጠንካራና ወደ ምሬት የሚያደላ ነው፤ ለጀማሪ ባይሆን ይሻላል።

ሚሪኑንና ሳኬውን በትንሽ ድስት ውስጥ አንድ ደቂቃ ያፍሉ፤ ከዚያ እሳቱን አብርደው ስኳሩንና ሚሶውን ይጨምሩና በእንጨት ማማሰያ ያለማቋረጥ ያማስሉ። እንደ ሽሮ ተክ ተክ ማለት ሲጀምር ከግርጌው ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም፤ እጅ ማረፍ የለበትም። ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ማማሰያው በሄደበት የድስቱ ግርጌ ለቅጽበት ታይቶ የሚከደን ከሆነ ያውርዱት። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር፣ በእሳት ላይ እንዳለ «ትንሽ ቀጠነ» የሚባልበት ደረጃ ትክክለኛው ነው።

አልኮል የማይቀምሱ ሰዎች ሚሪኑንና ሳኬውን ትተው በአራት የሾርባ ማንኪያ የራዲሽ መረቅና በአንድ ተጨማሪ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሊተኳቸው ይችላሉ። የሚሶውን ማሸጊያም ማንበብ ይገባል፤ ለማቆያ ሲባል ጥቂት አልኮል የሚጨመርባቸው ሚሶዎች አሉና። አንዳንድ ባለሙያዎች ሶሱን ለማለዘብ የእንቁላል አስኳል ያክሉበታል፤ ለጾም የሚሠራ ሰው ይህን ይተወዋል፤ ሳይገባበትም ምንም አይጎድለውም።

አቀራረቡ

ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ ሳሕኖችን በሙቅ ውኃ አሙቀው ያድርቁ። ራዲሹን በመረቁ እንደገና አሙቀው በሰፊ ጭልፋ ከሥሩ እየደገፉ ያውጡት፤ ሹካ ቢወጉበት ይከፈላል። አንድ ቁራጭ በሳሕኑ መካከል አስቀምጠው ሁለት ማንኪያ ያህል መረቅ በዙሪያው ያድርጉ፤ በላዩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ሶስ፣ በሶሱ ላይ ደግሞ እንደ ክር የተከተፈ የዩዙ ወይም የሎሚ ልጣጭ ያኑሩ። ከልጣጩ ሥር ያለው ነጭ ክፍል መራራ ስለሆነ ቢላዋው ቢጫውን ብቻ ይንካ። ሶሱ ራዲሹን በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ የመጀመሪያው ጉርሻ ያለ ሶስ፣ በመረቁ ብቻ ተበልቶ የአትክልቱ ጣፋጭነት ይለይ።

የተረፈው መረቅ አይደፋም፤ ጥቂት ሚሶ ተበጥብጦበትና ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ተቆርጦበት ለዚያው ማዕድ ሾርባ ይሆናል። ከሥር የቆየው ኮምቡም በቀጭኑ ተከትፎ በአኩሪ አተር ሶስና በስኳር ሊበስል ይችላል።

ስለ ልጣጩና ስለ ቅጠሉ

በወፍራሙ የተላጠውን ልጣጭ እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥነው ይክተፉት። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ጠንከር ባለ እሳት ላይ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ይጥበሱት፤ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስና ሚሪን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የተቀነጠሰ ደረቅ ቃሪያ ጨምረው ፈሳሹ እስኪመጥ ያገላብጡት፤ በመጨረሻ የተቆላ ሰሊጥ ይነስንሱበት። ይህ አጠባበስ «ኪንፒራ» ይባላል። በቅቅሉ ጠላት የነበረው ጭረት እዚህ ሲታኘክ ቆረር ቆረር የሚል ዋና ደስታው ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን ከዋናው ምግብ ይልቅ ይህ ቀድሞ ያልቃል።

ቅጠሉ እንደ ጎመን ነው የሚያዘው። ጨው ባለበት የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ አሳልፈው፣ በቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዘው ይጭመቁት፤ በጣም አድቅቀው ከከተፉት በኋላ በጥቂት የሰሊጥ ዘይት ውኃው እስኪደርቅ አመስ አመስ አድርገው በጨውና በሰሊጥ ያጣፍጡት። በትኩስ ሩዝ ላይ ተነስንሶ ይበላል።

አቆያየት

የበሰለው ራዲሽ ከነመረቁ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። በፍሪዘር ማስቀመጥ ግን ውስጡን እንደ ስፖንጅ ስለሚያደርገው አይመከርም። እንቁላል ያልገባበት የሚሶ ሶስ በንጹሕ ጠርሙስ ተከድኖ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚቆይ እጥፍ አድርጎ መሥራት ያዋጣል፤ በተቀቀለ ድንች፣ በተጠበሰ ደበርጃን ወይም በቶፉ ላይ ይሆናል። ከፍሪጅ ሲወጣ ጠንክሮ ከተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርገው ያማስሉት።